ያደረ ዶሮ ወጥ ይበላል?

ጥያቄ፦ ቤቴ ማቀዝቀዣ የለም። ማታ የተሠራ ዶሮ ወጥ ጠዋት በደንብ ባፈላው ለምሳ ይሆናል? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ አይሆንም። የበሰለ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ከእሳት ከወረዱ በኋላ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለባቸውም፤ እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ቆላ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ፣ 1 ሰዓት ብቻ። በርበሬውና ቅቤው ይጠብቀዋል ብለው አይመኑ። ባክቴሪያ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይራባል። ማፍላት ባክቴሪያውን ቢገድልም፣ አንዳንዱ ጥሎት የሚሄደውን መርዝ አያጠፋም፤ ሽታውም ጣዕሙም ሳይለወጥ ሊያሳምም ይችላል። ለሕፃናትማ እባክዎ ፈጽሞ አይስጡ።

ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ይሥሩ። የሚዘገይ ሰው ካለ ወጡ እሳት ላይ እየተንተከተከ ይቆየው። የሚተርፍ ጥሬ የበሬ ሥጋ ካለ በቀጭኑ ዘልዝለው ቋንጣ ያድርጉት። በደንብ የተነጠረ ቅቤ ግን ውኃው ስለወጣለት፣ በደረቅ ማንኪያ ከተጨለፈና ክዳኑ ከገጠመ ሳምንታት ይቆያል።