ከየት ልጀምር ላልከው፦ ጀግናውን ሳይሆን ሠሪዎቹን ተከተል

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የሱፐርሂሮ ፊልሞቹን አይተህ ጨርሰሃል፣ አሁን ወደ ኮሚኮቹ መግባት ትፈልጋለህ። ግን በየሳምንቱ አዲስ «ቁጥር 1»፣ ማለትም የአዲስ ተከታታይ መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም፣ እየወጣ ግራ አጋብቶሃል። አሁን እየወጡ ካሉት የትኛውን ልያዝ፣ ሊወጡ ካሉትስ የትኛውን ልጠብቅ ብለሃል። የማርቭል አልቲሜት መስመር (ከዋናው የማርቭል ታሪክ በተለየ ዓለም ውስጥ የሚካሄዱት መጽሐፎች) ሊዘጋ ነው ስለሚባል እሱን መጀመር ዋጋ አለው ወይ ብለህም ጨምረሃል። ብዙ ሰው በአንድ መስመር መልሶልሃል። እኔ ላርዝመው። ከልጅነቴ ጀምሮ የምከታተለው ነገር ነው፤ በጥሩ መጽሐፍ የጀመረ ሰው ደግሞ ሲቀር አላየሁም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አጭሩ መልስ ይኸውልህ። አብሶሉት ባትማን፣ አልቲሜት ስፓይደርማን፣ ከዚያ አብሶሉት ማርሺያን ማንሃንተር። በዚሁ ቅደም ተከተል።

አሁን ለምን እንደሆነ ልንገርህ። አብዛኛው ጀማሪ የሚወደውን ጀግና ስም ይዞ ነው የሚገባው። ባትማንን ስለሚወድ ባትማን የሚል የተጻፈበትን ሁሉ ያነሳል። ባትማን ግን ከ1939 ጀምሮ አለ። ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ጽፎታል፣ ስሎታል። አንዱ መርማሪ ያደርገዋል፣ ሌላው ተዋጊ፣ ሌላው የልጆች አባት። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ያለው ትልቁ ስም ስለ መጽሐፉ ብዙ አይነግርህም። የሚነግርህ ከሥር በትንሹ የተጻፈው ነው፤ ደራሲውና ሠዓሊው። ከዚያ የሚቀጥለው ጥያቄ እነዚህ ሰዎች የጀመሩትን ራሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ ወይ የሚለው ነው። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን አንጀቴን የበሉት ታሪኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ ደራሲ የተጀመሩና በዚያው ደራሲ ያለቁ ናቸው። ኢንቪንሲብል የሚባለውን ኮሚክ ተመልከት። ሮበርት ከርክማን ከ2003 እስከ 2018 ድረስ 144 እትም ጽፎ ራሱ ዘጋው። ታሪኩ ውስጥ የተሰበረ ነገር እንደተሰበረ ይቀራል። የትልልቆቹ ኩባንያዎች ዋና መጽሐፎች ላይ ይህን አታገኝም፤ ዛሬ የሞተው ከዓመት በኋላ ይነሳል።

ወደ አብሶሉት ባትማን ልምጣ። የባትማን አሳታሚ የሆነው ዲሲ በኦክቶበር 2024 አብሶሉት የሚባል አዲስ ዓለም ከፈተ። ዳርክሳይድ የተባለው ክፉ ኃይል የፈጠረው ዓለም ነው፤ ጀግኖቹ ድሮ የነበራቸው ድጋፍ ሁሉ ተነጥቀዋል። የሚጽፈው ስኮት ስናይደር ነው፣ የሚስለው ኒክ ድራጎታ። ብሩስ ዌይን እዚህ ሀብታም አይደለም። ቪላ የለውም፣ አሳላፊ የለውም። አባቱ አስተማሪ ነበር፤ ተማሪዎቹን ይዞ መካነ አራዊት በሄደበት በተኩስ ተገደለ። እናቱ በሕይወት አለች። ይህ ብቻውን ባትማንን ምን ያህል እንደሚለውጠው ማንበብ ስትጀምር ታየዋለህ። ማታ ማታ ሕይወቱን ለአደጋ ሲሰጥ ደህና ግባ የምትለው እናት አለችው። አልፍሬድም ቤት ጠባቂ ሳይሆን ሰላይ ነው፤ ታሪኩን የሚጀምረው ባትማንን ከሩቅ እየተከታተለ ነው። ገንዘቡ ያለው ደግሞ ጆከር ጋ ነው።

ልብሱን በደንብ እየው። ደረቱ ላይ ያለው የሌሊት ወፍ ምልክት ጌጥ አይደለም። ይነቀላል፤ እጀታ ሲገባለት መጥረቢያ ይሆናል። ይህ ብሩስ መሐንዲስ ነው፤ ገንዘብ ስለሌለው የሚለብሰው ነገር ሁሉ ሥራ መሥራት አለበት። ድራጎታ ይህን በሥዕል የሚነግርህ መንገድ ነው የሚገርመኝ። ገጹን በትንንሽ ሳጥኖች ሞልቶ ያጨናንቅሃል፤ ዓይንህ መሮጥ ይጀምራል። ከዚያ ገጹን ስትገልጥ ባትማን ብቻውን፣ እንደ ግድግዳ ሰፍቶ፣ ወረቀቱን ሞልቶት ይጠብቅሃል። ያንን ፊልም ሊሰጥህ አይችልም። ገጹን የምትገልጠው አንተ ነህ፤ ድራጎታ ይህን አስቦ ነው የሚስለው። የመጀመሪያው ቅጽ ከ1 እስከ 6 ያሉትን እትሞች ይዟል። እሱን ብቻ አንብብ። ካልያዘህ ተወው፤ የሚይዝህ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ጎን ለጎን የሚወጡት አብሶሉት ዎንደር ዉማንና አብሶሉት ሱፐርማንም ጥሩ ናቸው። ዎንደር ዉማንን ኬሊ ቶምፕሰን ትጽፈዋለች፣ ሄይደን ሸርማን ይስለዋል። ዳያና በሲኦል ውስጥ ያደገች ጠንቋይ ናት፤ የምትጋልበው ክንፋም ፈረስ አጽም ብቻ ነው። ግን ልቧ ከሁሉም የለሰለሰ ነው፤ መጽሐፉን የምወደውም ለዚህ ነው። ሱፐርማንን ጄሰን አሮን ነው የሚጽፈው፤ ቤተሰቡ ክሪፕተን ላይ ከሠራተኛው መደብ ነው። እነዚህን ከባትማን በኋላ እንደፍላጎትህ። አንዱን ለመረዳት ሌላውን ማንበብ ግድ አይልህም፤ ይህም ትልቅ እረፍት ነው።

አሁን ስለ አልቲሜት ስፓይደርማን። ሰው ሁሉ «ሊያልቅ ነው፣ ለምን ትጀምረዋለህ» እያለህ ነው። እኔ ተቃራኒውን ነው የምልህ። ስለሚያልቅ ነው የምትጀምረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜከር የሚባል ክፉ ሰው አለ። አንድን ዓለም ይይዝና ጀግኖቹ ከመፈጠራቸው በፊት እድላቸውን ይሰርቃል። ፒተር ፓርከርን በልጅነቱ ሊነክሰው የነበረውን ሸረሪትም ያስቀረዋል። ስለዚህ ፒተር ተራ ሰው ሆኖ ያድጋል። ያገባል፣ ሁለት ልጅ ይወልዳል፣ ጋዜጣ ቤት ይሠራል፣ ፂሙን ያሳድጋል። ኑሮው መጥፎ አይደለም። ግን የሆነ ነገር እንደጎደለው ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ አያውቅም። ከዚያ ወጣቱ ቶኒ ስታርክ የተሰረቀበትን መልሶ ይልክለታል። አሁን ምርጫው የራሱ ነው። በልጅነቱ ቢሆን ኖሮ ሸረሪቷ ሳይጠየቅ ትነክሰው ነበር። አሁን ግን ሚስት እያለው፣ ልጆች እያሉት፣ እጁን ራሱ መዘርጋት አለበት።

ጆናታን ሂክማን ይጽፈዋል፣ ዋናው ሠዓሊ ማርኮ ኬኬቶ ነው። በጃንዋሪ 2024 ነው የጀመረው። በመጀመሪያው እትም ውስጥ ድብድብ የለም ማለት ይቻላል። ሰዎች ቁጭ ብለው ያወራሉ። አጎት ቤን በሕይወት አለ፤ የሞተችው አክስት ሜይ ናት። ቤንና ጄምሰን የሚባለው ጋዜጠኛ ሲያወሩ ያሉት ገጾች ለእኔ ከማንኛውም የድብድብ ገጽ ይበልጣሉ። ሁለት ያረጁ ጓደኛሞች ናቸው፤ ሥራቸውን በሀቅ መሥራት ይፈልጋሉ፣ ጋዜጣውን ግን ሌላ ሰው ይዞታል። ኬኬቶ ፊታቸውን በደንብ ያውቃል፤ ዝም ያሉበት ሳጥን ሳይቀር ይናገራል።

ሌላው የመስመሩ ዘዴ ጊዜው ነው። እዚያ ዓለም ውስጥ በእያንዳንዱ እትም መካከል አንድ ወር ያህል ያልፋል፤ ሜከር ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚመለስ ከመጀመሪያው ተነግሮናል። ማለትም ሰዓቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየቆጠረ ነበር። ማርቭል በ2025 መስመሩ በ2026 እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ ብዙ ሰው ደነገጠ፤ እኔም ከፋኝ፣ አልዋሽህም። ግን ታሪኩ የተሠራው ፍጻሜው ላይ ለመድረስ ነው። በየወሩ ስንጠብቅ አንዳንድ እትም ቀስ ያለ ይመስለን ነበር፤ ፒተር የሌለበት ወርም ሲመጣ አንዳንዱ ያጉረመርም ነበር። አንተ ተከታትሎ የሚነበብ ነገር አለህ። በአንድ ትንፋሽ ስታነበው ያ ዝግታ ችግር አይሆንብህም።

ደግሞ መስመር ሲዘጋ ሁሉም ነገር አይጠፋም። በ2000 የጀመረው የፊተኛው አልቲሜት በ2015 ተዘጋ። ማይልስ ሞራሌስ ግን እዚያ በ2011 ተወልዶ ወደ ዋናው ዓለም ተሻገረ። ዛሬ ማይልስን የማያውቅ ልጅ የለም።

ማርሺያን ማንሃንተርን ሦስተኛ ያደረግኩት ደካማ ስለሆነ አይደለም። ከሦስቱ ምርጡ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን መጀመሪያ ዓይንህ ኮሚክ ማንበብን ይልመድ። ዴኒዝ ካምፕ ነው የጻፈው፣ ሃቪየር ሮድሪጌዝ ነው የሳለው። ጆን ጆንስ የሚባል የኤፍቢአይ ሰው ከቦምብ ፍንዳታ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ የሰዎች ሐሳብ በቀለም ጭስ ሆኖ ከራሳቸው ሲወጣ ያያል። ሮድሪጌዝ ቀለሙን ራሱ ነው የሚያለብሰው፤ ስለዚህ ቀለሙ ሥዕሉ ላይ የተጨመረ ነገር አይደለም፣ ታሪኩን የሚናገረው እሱ ነው። በጥድፊያ ካነበብከው ግማሹ ያመልጥሃል። መጀመሪያ 6 እትም ይሆናል ተብሎ ወደ 12 ከፍ ያለው አንባቢው ስለወደደው ነው።

ስለ ኤክስሜን ጠይቀህ ነበር። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በል። በ2019 ሂክማን በሁለት ተያያዥ መጽሐፎች፣ በጠቅላላው በ12 እትም፣ ኤክስሜንን እንደ አዲስ ሠራው። ያ 12 እትም ዛሬም ድንቅ ነው፣ አንብበው። ከዚያ በኋላ ግን ታሪኩ ወደ ብዙ መጽሐፍ ተበተነ፤ ሂክማን ራሱ ከፍጻሜው በፊት ወጣ፤ ዘመኑ በ2024 ሌሎች እጅ ላይ አለቀ። የሚያምሩ ክፍሎች አሉት፣ ግን መጀመሪያ ላይ የተገባልን ቃል ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ከዚያ በኋላ ከጀመሩት የጄድ ማኬይ ኤክስሜንና የጌይል ሲሞን አንካኒ ኤክስሜን ይነበባሉ። ይሁን እንጂ በ2025 መጨረሻ መጽሐፎቹ ለሦስት ወር ቆመው ብዙ መጽሐፎችን በሚያገናኝ ሌላ ትልቅ ታሪክ ተተክተዋል። ለጀማሪ እንዲህ ያለ መቆራረጥ ያደክማል።

ዋናው ባትማንስ ካልክ፣ በሴፕቴምበር 2025 እንደገና ከቁጥር 1 ጀምሯል፤ ማት ፍራክሽን ይጽፈዋል፣ ሆርሄ ሂሜኔዝ ይስለዋል። ቀለል ያለ ነው፤ እትሞቹ ለብቻቸውም ይነበባሉ። አብሶሉት ከከበደህ ወደዚህ ዙር።

ሊወጡ ያሉትን እንዴት ልምረጥ ላልከው፣ እኔ የማደርገውን ልንገርህ። አሳታሚዎች ከሦስት ወር ገደማ በፊት የሚወጣውን ዝርዝር ይለቃሉ። ቁጥር 1 ላይ ያለውን ማስታወቂያ አላነብም። የቁጥር 2ና የቁጥር 3 ዝርዝር እስኪወጣ እጠብቃለሁ፤ ሠዓሊው ያው ነው ወይ ብዬ አያለሁ። በሦስተኛው እትም ሠዓሊው ተቀይሮ ካየሁ፣ ሙሉ ቅጽ ሆኖ እስኪወጣ እተወዋለሁ። በቁጥር የተወሰነ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ 6 ወይም 12 ተብሎ የተነገረ፣ ልቤ ቶሎ ይከፈታል። የሽፋን ብዛትን ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ በለው። አንድ እትም በአሥር ሽፋን ቢወጣ ውስጡ ያለው ታሪክ አንድ ነው። ሁለተኛ ሕትመትም እንደዚያው፤ ሰብሳቢ ካልሆንክ ምንም አይጎድልብህም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከወደድከው መጽሐፍ አዲስ እትም በየወሩ የምትገዛ ከሆነ ቀድመህ እዘዝ። የኮሚክ ሻጮች በአብዛኛው ያልተሸጠውን መመለስ አይችሉም፤ ስለዚህ የሚያዙት የሚሸጡ ከመሰላቸው ብቻ ነው። የማዘዣው ቀን የሚዘጋው መጽሐፉ ከመውጣቱ ሳምንታት በፊት ነው። ትልቁ ባትማን ያለ አንተ ይኖራል። አዲስ ገጸ ባሕሪ ያለው፣ ደራሲው ገና ያልታወቀ መጽሐፍ ግን በዚያ ቀን በተቆጠረው ቁጥር ነው የሚቀጥለው ወይም የሚቆረጠው። ስንት የምወደው መጽሐፍ ሰው ሳይሰማለት እንደቀረ ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ወረቀት ይሁን ስልክ ላልከው፣ ሁለቱም ይሆናል። ማርቭል አንሊሚትድ በሚባለው የማርቭል የስልክ ማንበቢያ ላይ መጽሐፎቹ ከወጡ ሦስት ወር ገደማ በኋላ ይገባሉ፤ የዲሲው ማንበቢያ ዲሲ ዩኒቨርስ ኢንፊኒትም የራሱ መዘግየት አለው። ባለህበት አገር መሥራታቸውን አስቀድመህ አረጋግጥ። በስልክ ካነበብክ አንድ አንድ ሳጥን እያሳየ የሚያሻግረውን አማራጭ ዝጋው፤ መጀመሪያ ሙሉ ገጹን እየው፣ ከዚያ አስጠግተህ አንብብ። በተለይ የድራጎታና የሮድሪጌዝ ገጾች በቁራጭ ከታዩ ይሞታሉ።

እንግዲህ አብሶሉት ባትማንን ቁጥር 6 ድረስ አድርስና ተመለስ። ያኔ ስለ እናቱ የምጠይቅህ ነገር አለኝ፤ አሁን ካነሳሁት ታሪኩን አበላሽብሃለሁ።