የምክር ቤት አባል ለመሆን ምን ልማር?

አንዲት ልጅ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ እንደምን አሉ? 23 ዓመቴ ነው፣ ዘንድሮ በሕዝብ አስተዳደር ተመረቅሁ። የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ጎረቤታችን የከተማው ምክር ቤት አባል ናቸው። ድሮ አስተማሪ ነበሩ፣ አሁንም የእድር ገንዘብ ያዥ ናቸው። ሰው የቸገረው ነገር ሲኖር መጀመሪያ የሚያንኳኳው የሳቸውን በር ነው። እንደሳቸው መሆን እፈልጋለሁ። ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ምን ልሥራ?»

እህቴ፣ ማስተርሱን ለጊዜው ተይው። እዚህ አገር ግራ የገባው ሁሉ ማስተርስ ይጀምራል፣ እኔንም ጨምሮ።

ለዚህ ሥራ ዲግሪ የሚጠይቅሽ የለም። የምርጫ ሕጉ ዕጩ ሆኖ ለመቅረብ ኢትዮጵያዊ መሆንን፣ 21 ዓመት መሙላትን፣ የሥራ ቋንቋውን ማወቅን፣ ነዋሪነትን፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው የሚያየው። አንቺ የጎደለሽ ሌላ ነው። ከግቢሽ ውጭ ማን ያውቅሻል?

ጎረቤትሽን ሴትዮ እስኪ ልብ ብለሽ እያቸው። ስንት ዓመት ያስተማረ ሰው የሰፈሩን ግማሽ በስሙ ነው የሚጠራው፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ፣ የትኛው ቤት ሽማግሌ ብቻውን እንደሚኖር ሳይጠይቅ ያውቃል። ገንዘብ ያዥነቱ ደግሞ ይብሳል። ሰው የቀብሩን ብር በእጁ ያስቀመጠለት ሰው ሌላ ምን ሲቪ ያስፈልገዋል?

እኔ ራሴ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ በኩል፣ ሦስት ዓመት የእድር ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ አባል ድንኳኑን ለሠርግ ወስዶ ጥግ ላይ በከሰል ተበስቶ መለሰው። ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ይቀጣ ተባለ፣ እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «ቅጣት ይክፈል» ብዬ ጽፌ አስፈረምኩ። በወሩ ሰውየው ተነስቶ «ስንት ተባልኩ?» አለ። መዝገቡ ተገለጠ፣ ቁጥር የለም! አንዱ መቶ ነው ይላል፣ አንዱ ሁለት መቶ። ሰውየው ሳይከፍል ቀረ፣ እኔም ያን ቀን ቡና እንኳን ሳልጠጣ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ስንት፣ መቼ፣ ማን የሚለውን ሳልጽፍ አንድም ሰው አላስፈረምኩም።

ምክር ቤቱም ከዚህ የራቀ እንዳይመስልሽ። 138 ወንበር አለው። የከተማውን የዓመት በጀት ያጸድቃል፣ ከንቲባ ይመርጣል፣ አዋጅ ያወጣል፣ አዋጁም በአዲስ ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። አንድ ክፍለ ከተማ ስንት ተመደበለት፣ ምን ተሠራበት ብሎ የሚጠይቅ ሰው እዚያ ያስፈልጋል። እጅ ማውጣትማ ማን ያቅተዋል።

ስለዚህ ለማንበብ ያሰብሽው ጊዜ ካለ የከተማውን ቻርተር አንብቢ፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995ን፣ ከማሻሻያዎቹ ጋር። የሊዝ አዋጁን 721/2004ንም ጨምሪ። ከሁሉም በፊት ግን አዋጅ 47/1967ን። ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰበት ነው፣ የመሀል ከተማው የቀበሌ ቤት ጣጣ ሁሉ ከዚያ ይጀምራል። ነገ አንዲት እናት ይዘውሽ «እኔ ሳርፍ ቤቱ ለልጄ ይዞርላታል ወይ?» ቢሉሽ፣ «አጣርቼ እመጣለሁ» ብለሽ በእርግጥ አጣርተሽ ከመጣሽ፣ ያን ቀን ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

አንድ የማይጥም ነገርም ልንገርሽ። ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጥሽ በአብዛኛው ፓርቲ ነው። በ1997 ቅንጅት ከ138ቱ 137ቱን ጠራርጎ ወሰደ፤ በ2013 ደግሞ ብልጽግና አሸነፈ። ሕዝቡ ባመዛኙ ምልክቱን አይቶ ነው የመረጠው። በግል መወዳደር ይቻላል፣ ዳንኤል ክብረት በ2013 ከአዲስ አበባ ለፓርላማ በግል ተወዳድሮ ገብቷል፣ እሱ ግን ቀድሞም አገር የሚያውቀው ጸሐፊ ነበር። ፓርቲ መግባት አለመግባት የራስሽ ጉዳይ ነው፣ እኔ አልመርጥልሽም። ብቻ ሰፈርሽ ሳያውቅሽ ፓርቲ ከገባሽ፣ ፓርቲው የተወሽ ቀን ባዶ እጅሽን ነሽ።

እንጀራሽስ? በምክር ቤት ወንበር ልኑር ብለሽ እንዳትነሺ፤ ማስታወቂያ ወጥቶ የምትቀጠሪበት ቦታ አይደለም። ሥራ ያዢ። ወረዳ ብትቀጠሪ ጥሩ ነው፣ ጠረጴዛው ከወዲያ በኩል ምን እንደሚመስል ታያለሽ። የምክር ቤት ጽሕፈት ቤት የባለሙያ ማስታወቂያ ካወጣም አይለፍሽ። ረድኤት ድርጅት፣ ትምህርት ቤት፣ ከሰው ጋር የሚያገናኝሽ ሁሉ ይሆናል። ባንክ ግን... እሺ፣ እሱም ይሁን፣ ቅዳሜና እሑድሽን ካልበላብሽ።

ደግሞ ሰፈር ስል የድሮውን ሰፈር አይደለም። የኔ በ2016 ፈረሰ። የካዛንቺስ ሰው ገላን ጉራ ገብቷል፣ ሌላው በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል፣ እድርተኛው ለቀብር ሁለት ታክሲ ይዞ ነው የሚመጣው። የናንተም ነገ ምን እንደሚሆን እንጃ። የአባላቱን ስልክና የገቡበትን ቦታ በደብተር የያዘ ወጣት ያለው እድር ግን አይበተንም፣ ቢያንስ ቶሎ አይበተንም። ያ ደብተር በናንተ እድር አለ? ከሌለ አንቺ ጀምሪው።

ጎረቤትሽ ጋ ሂጂና «እትዬ፣ የሚጻፍ ነገር ካለ ልርዳዎት» በያቸው። ምክር ቤት መግባት እፈልጋለሁ እንዳትያቸው፣ ገና ነው። የእድሩ ስብሰባ የወሩ ስንተኛው እሑድ እንደሆነ እናትሽን ጠይቂያት። ጸሐፊ ጎድሏቸው ከሆነም ጻፊልኝ፣ የቃለ ጉባኤ አያያዙን አሳይሻለሁ።