የልብ ምርመራ፣ ኪሎና የጨረር መድኃኒት፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የልብን የደም ዝውውር በካሜራ የምናነሳበት ክፍል ነው የምሠራው። ስለ መርፌውና ስለ ኪሎ ብዙ ጥያቄ ስለደረሰኝ እዚሁ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ 48 ኪሎ ናት፣ አጎቴ ደግሞ 120። የሚወጉት እኩል ነው?

መልስ፦ መድኃኒቱ አንድ ሊሆን ይችላል፣ መጠኑ ግን እኩል መሆን የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቀመው ቴክኒሺየም 99m የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተያያዘበት ሴስታሚቢ የሚባል መድኃኒት ነው። የልብ ጡንቻ ውስጥ ይገባና ጨረር ይለቃል፣ ካሜራው ያንን ይለቅማል። አጎትሽ ላይ ጨረሩ በስጋና በስብ ውስጥ ሲያልፍ ብዙው መንገድ ላይ ስለሚቀር ምስሉ ነጠብጣብ ይበዛበታል፣ ሐኪሙም ሲያነበው ይቸገራል። የምናነሳው ሁለት ምስል ነው፦ አንዱ በእረፍት፣ አንዱ ልብ በሩጫ ወይም በመድኃኒት ተገፍቶ ሲሠራ (ስትረስ የምንለው)፣ ለየምስሉም አንድ መርፌ አለ። ሁለቱም በአንድ ቀን ሲነሱ በእረፍት ከ8 እስከ 12 ሚሊኪዩሪ (የጨረር መድኃኒት መጠን መለኪያ)፣ ለስትረሱ ደግሞ ከ24 እስከ 36 የተለመደ ነው። እናትሽ ዝቅተኛው ይበቃታል። አጎትሽን ሁለት ቀን ቢቀጥሩት አይናደድ፣ ለሁለቱም ምስል በቂ መጠን እንዲያገኝ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው መርፌ ለምን 3 እጥፍ ሆነ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ገና ልብ ውስጥ ስላለ። ቴክኒሺየም በ6 ሰዓት ግማሹ ብቻ ነው የሚጠፋው። ሁለተኛው በርከት ብሎ የፊተኛውን ካልሸፈነው ምስሎቹ ይደባለቃሉ።

ጥያቄ፦ ኪሎ እጥፍ ከሆነ መድኃኒቱም እጥፍ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ጣሪያ አለው። ከዚያ በላይ ካሜራው ስር የሚቆይበትን ደቂቃ ማርዘም ይሻላል። በአዲሶቹ ካሜራዎች መጠኑን በጣም መቀነስ ስለሚቻል፣ ለሁሉም ሰው ያንኑ የድሮ መጠን መስጠት ልክ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ኪሎዬን በግምት ብናገር ችግር አለው?

መልስ፦ አለው! አንዲት እናት መዝገባቸው ላይ «180 ኪሎ» ተብሎ ተጽፎ መጡ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ሳይ ምንም ሊገጥምልኝ አልቻለም። «እማማ፣ እስቲ ሚዛኑ ላይ ይውጡልኝ» አልኳቸው። 82 ኪሎ! የተናገሩት በፓውንድ ነበር፣ የጻፈው ሰው ግን ኪሎ አደረገው። መርፌው ገና አልተዘጋጀም ነበር፣ ተመስገን። ስለዚህ በዕለቱ መዝኑኝ በሉ፣ መብታችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ጨረሩ አያሰጋም?

መልስ፦ ሁለቱም ምስል ሲነሳ በግምት ከ9 እስከ 12 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) ነው። ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በዓመት የምናገኘው በዓለም አማካይ 2.4 ነው። ትንሽ አይባልም፣ ግን የታመመ ልብ ሳይታወቅ ከሚቀር ይሻላል። አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ከስትረሱ መጀመር ይቻላል?» እሱ ንጹህ ከሆነ የእረፍቱ ብዙ ጊዜ ይቀራል፣ ጨረሩም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ጠዋት አንድ ስኒ አቦል ብቻ ብጠጣስ?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። ሩጫ ለማይችል ሰው የደም ሥር የሚከፍት መድኃኒት እንሰጣለን፣ ቡና ደግሞ እሱን ያግደዋል። የጠበበው ሥር ሳይታይ ያልፋል፣ መርፌውም በከንቱ ይሆናል። ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ብዙ ቦታ 24 ሰዓት ነው የሚሉት። ሻይ፣ ኮካና ቸኮሌትም እንደዚያው። ጀበናውን ለማታ አቆዪው።