ስኳርና የሽንት ምርመራ፦ ስለ ልብ የሚናገረው ሽንት (ጥያቄና መልስ)

እንደምን አመሻችሁ። ደብረ ማርቆስ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ዛሬ ስለ አይነት ሁለት ስኳርና ስለ ሽንት ጠይቁኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ መድኃኒት አላዝም።

ከቡሬ፦ ጋሼ፣ አባቴ ስኳር ካለበት 8 ዓመቱ ነው። በስትሪፕ (ሽንት ውስጥ በሚነከረው የመመርመሪያ ቁራጭ) ታይቶ «ፕሮቲን ኔጌቲቭ» ተባለ። ሐኪሙ ግን አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ይታይ ብሎ ባሕር ዳር ላከው። ገንዘብ ማስጨረስ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ስትሪፑ ላይ ያለችው ቢጫ ካሬ ወደ አረንጓዴ የምትሄደው ፕሮቲኑ ሲበረክት ነው። እኛ የምንፈልገው ገና ጠብ ጠብ ሲል ነው። ለዚህ አልቡሚኑ ከክሬቲኒን (ከጡንቻ ወጥቶ በሽንት ከሚወገደው ቆሻሻ) ጋር ይነጻጸራል፤ አንድ ጆግ ውሃ ጠጥቶ የመጣውና ሽንቱ የወፈረው እኩል እንዲዳኙ። በአንድ ግራም ክሬቲኒን ከ30 ሚሊግራም በታች ደህና ነው። ከ30 እስከ 300 ማፍሰስ ተጀምሯል፤ ከ300 በላይ በርትቷል። ልብ ምን አገባው ለምትሉ፦ ኩላሊት የቀጫጭን ደም ስር ጥቅል ነው። እዚያ ያፈሰሰ ደም ስር፣ ልብና አንጎል ውስጥ ያሉት ወንድሞቹም ተጎድተው ሊሆን ይችላል። ሞገንሰን የሚባል የዴንማርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1984 ትንሽ አልቡሚን የሚያፈሱ የስኳር ሕመምተኞች ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ኩላሊቱ ሳይደክም ልቡ የሚቀድመው ብዙ ነው። አይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሁሉ በዓመት አንዴ ይታይ።

ከሞጣ፦ አልቡሚኔ 120 ወጣብኝ። ኩላሊቴ አለቀ?

መልስ፦ ስንቴ ተለካ? አንዴ ከሆነ ምንም አይባልም። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የወር አበባ፣ በዋዜማው ከባድ ጉልበት ሥራ፣ ሁሉም ከፍ ያደርጉታል። ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ከሦስት ልኬት ሁለቱ ከፍ ካሉ ያኔ እንነጋገር። ዕቃውንም ተጠንቀቁ! አንድ ቀን እናት በለስላሳ ጠርሙስ ሽንት አምጥተው ስኳሩ ጣሪያ ነካ። ጠርሙሱ ሳይታጠብ ነበር።

ከደጀን፦ በባዶ ሆድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ያ ለደም ስኳር ነው።

ከዳንግላ፦ የዳጉሳ እንጀራ የሚበላ ይህ ሁሉ አይደርስበትም።

ከአዴት፦ የአዴትን ጤፍ ሳትቀምስ ነው የምታወራው። ዳጉሳውንማ ለአረቄ ነው የምታውሉት!

ከዳንግላ፦ አረቄውን የሚጠጣው ማነው ታዲያ?

መልስ፦ ወገኖቼ፣ ዳጉሳም ጤፍም ምርመራውን አይተካም፤ ስለ ሽንት ነው የተሰበሰብነው።

ከቢቸና፦ ግፊት ሳይኖርብኝ የግፊት መድኃኒት፣ ኢናላፕሪል ታዘዘልኝ።

መልስ፦ አልቡሚን የምታፈስ ከሆነ ያንን ለመቀነስም ይሰጣል። ዝርዝሩን ያዘዘልህን ጠይቅ። ክሬቲኒንና ፖታሲየም ግን ይታይልህ። ለነፍሰ ጡር አይሆንም።

ከፍኖተ ሰላም፦ ስትሪፕ ኔጌቲቭ ነው፤ ደህና ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ የቡሬውን አንብብ። ስትሪፕ ኔጌቲቭ፣ አልቡሚን የለም ማለት አይደለም። ስንቴ ልበል?

ከደምበጫ፦ ወገቤን ያመኛል። ኩላሊት ይሆን?

መልስ፦ «ያመኛል» ብቻ ብለህ ምን ልበልህ? አልቡሚን ማፍሰስ አያምም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ለወገብህ ብለህ ግን የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ በየቀኑ እየገዛህ አትዋጥ፤ ኩላሊትን የሚጎዳው እሱ ነው።

ከቡሬ፦ ጋሼ፣ አባቴ ሐሙስ ይሄዳል። የጠዋቱን ሽንት ከዚህ ይዞ ይሂድ?

መልስ፦ አይያዝ። የጠዋቱ ቢሆን ይመረጣል፤ ግን የማንኛውም ሰዓት ሽንት ይሠራል። እዚያው ደርሶ፣ በሚሰጡት ዕቃ ይስጥ። ጠርሙስ እንዳይዝ!