አዲስ ኢንተርፌስ ፈጥራችሁ ራውቲንግ ዴመኑ ዝም ካላችሁ፣ ጠይቁኝ

ኤፍአርአርና በርድ፣ ማለትም የፓኬት መንገድ የሚመርጡት ራውቲንግ ዴመኖች (ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች)፣ የዕለት ሥራዬ ናቸው። የመጡትን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኤፍአርአር እየሠራ አዲስ ቪላን (በአንድ ገመድ ላይ የተለየ ምናባዊ ኔትወርክ) ጨመርኩ። ኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ምንም አይልክበትም፣ ሪስታርት ሳደርገው ግን ይሠራል። ሁሌ እንደዚህ ልኖር ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ሪስታርት ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም፤ በዚያ ላይ ደህና የነበሩትን ጎረቤቶችህን (በኦኤስፒኤፍ የሚያወሩህን ራውተሮች) ሁሉ ያቋርጥብሃል። ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጀምር። ሊኑክስ ላይ አዲስ ኢንተርፌስ ሲፈጠር ዳውን ነው፣ አንተ ነህ የምታስነሳው። አይፒ አድራሻ መያዙንም እይ። ከዚያ አንድ ተርሚናል ላይ «አይፒ ሞኒተር ሊንክ» ከፍተህ፣ በሌላው ቪላኑን አጥፍተህ እንደገና ፍጠረው። ከርነሉ በኔትሊንክ (ለውጥን ለፕሮግራሞች በሚያሳውቅበት መንገድ) ሲናገር መስመሩ እዚያው ዓይንህ ሥር ብቅ ይላል። ከርነሉ ተናግሮ ኤፍአርአር ውስጥ «ሾው ኢንተርፌስ» ላይ ከሌለ ጉዳዩ የዜብራ (ከከርነሉ ጋር የሚነጋገረው የኤፍአርአር ክፍል) ነው። እዚያ ኖሮ «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኢንተርፌስ» ላይ ከጠፋ ደግሞ ኮንፊግህን ተመልከት፤ ወይ ኔትወርክ የሚለው መስመር አዲሱን አድራሻ አያካትትም፣ ወይ ኢንተርፌሱ ሥር ኤሪያው (የሚገባበት የኦኤስፒኤፍ ክፍል) አልተጻፈም።

ጥያቄ፦ በርድ ላይስ?

መልስ፦ ኮንፊጉ ውስጥ «ፕሮቶኮል ዲቫይስ» መኖሩን እይ። እሱ ከሌለ በርድ ስለ ኢንተርፌሶች የሚያውቀው ነገር የለም። የኢንተርፌስ ስም ስትጽፍም መጨረሻው ላይ ኮከብ (*) አድርግ፤ ነገ የምትፈጥረው ቱኔል (በሌላ ኔትወርክ ውስጥ የሚያልፍ ምናባዊ መስመር) ኮንፊግ ሳትነካ ይገባል።

ጥያቄ፦ በዋየርጋርድ (የተመሰጠረ ቱኔል) ፒንግ ይሄዳል፣ ጎረቤት ግን አይታይም።

መልስ፦ ዋየርጋርድ መልቲካስትን (ለቡድን የሚላክ ፓኬትን) በራሱ ለማንም አያደርስም። የፒሩ (የሌላኛው ጫፍ ማሽን) «አላውድ አይፒስ» ውስጥ የኦኤስፒኤፍ መልቲካስት አድራሻ የሆነው 224.0.0.5 ከሌለ፣ ሄሎው (ጎረቤት የሚፈለግበት መልእክት) ከማሽንህ ሳይወጣ ይጣላል። እኔ ለእያንዳንዱ ፒር የራሱን ኢንተርፌስ እሰጣለሁ፤ በአንድ ኢንተርፌስ ላይ አንዱን አድራሻ ለሁለት ፒር መስጠት አይቻልምና። የኦኤስፒኤፍ ዓይነቱን ፖይንት ቱ ፖይንት አድርገው። አይፒቪ6 ከሆነ ደግሞ ሊንክ ሎካል አድራሻውን በእጅህ ስጠው፣ ዋየርጋርድ ራሱ አይፈጥርም።

ጥያቄ፦ ጎረቤቱ ታየ፣ ግን ኤክስስታርት (መረጃ መለዋወጥ ሊጀመር ሲል ያለው ደረጃ) ላይ ተገትሮ ቀረ።

መልስ፦ መጀመሪያ ኤምቲዩን (በአንድ ጊዜ የሚያልፈውን ትልቁን የፓኬት መጠን) እይ። ዋየርጋርድ ብዙውን ጊዜ 1420 ነው፣ ጂአርኢ (ሌላው የቱኔል ዓይነት) 1476። ሁለቱም ጫፍ እኩል ይሁን። ኤምቲዩን ችላ በል የሚለውን ትእዛዝ አልመክርም፤ ጎረቤቱ ይነሳል፣ ትልልቁ ፓኬት ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ቪላኖቹ ሲበዙ አዲሶቹ እምቢ አሉ። ሎጉ «ኖ ቡፈር ስፔስ» ይላል።

መልስ፦ ሜሞሪ እንዳትገዛ! ሊኑክስ አንድ ሶኬት (ፕሮግራሙ ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝበት በር) የሚገባባቸውን የመልቲካስት ቡድኖች በ20 ይገድባል፤ ኦኤስፒኤፍ ደግሞ በየቪላኑ ይገባል። ሲስኮንትሮል (የከርነሉ ቅንብር መቀየሪያ) ላይ የአይጂኤምፒ ማክስ ሜምበርሺፕስን ቁጥር ከፍ አድርገው።

ጥያቄ፦ ቱኔሉን አጥፍቼ በዚያው ስም ፈጠርኩት። ኮንፊጉ አልተነካም፣ ፋየርዎሉም እንደ ድሮው ነው፣ ሄሎ ግን አይገባም።

መልስ፦ ይህ እኔንም አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። ስሙ ያው ነው፣ ከርነሉ የሚሰጠው የኢንዴክስ ቁጥር ግን አዲስ ነው። ኤንኤፍቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ላይ «አይአይኤፍ» ብለህ የጻፍከው ደንብ የያዘው የድሮውን ቁጥር ስለሆነ፣ ፕሮቶኮል 89 (ኦኤስፒኤፍ ራሱ) እንዲያልፍ የፈቀድክበት መስመር አዲሱን ቱኔል አያውቀውም። «አይአይኤፍኔም» ብለህ ቀይረው፣ እሱ ስሙን ነው የሚያየው። ቀይረህ 10 ሴኮንድ ጠብቅ፣ የሚቀጥለው ሄሎ ይገባል።