መልስ፦ 1.60 ሜትር ቁመት ለመረብ ኳስ ያንሳል ወይ?

አያንስም። የምትጫወቺበትን ቦታ ቀይሪ እንጂ ጨዋታውን አትተዪው። አሰልጣኝሽ «ለመምታት አጭር ነሽ» ያለሽ ልክ ሊሆን ይችላል፤ የሴቶች መረብ 2.24 ሜትር ነው። ለመቺዎች ኳስ ማመቻቸት ግን ሌላ ሥራ ነው። እጅና ዓይን ነው የሚፈልገው።

የጃፓኗ ዮሺዬ ታኬሺታ 1.59 ሜትር ነበረች። ቡድኗ ለ2000ው (እ.ኤ.አ.) የሲድኒ ኦሎምፒክ ሳያልፍ ሲቀር ወቀሳው ቁመቷ ላይ አረፈ። ጨዋታውንም ለጊዜው ትታው ነበር። ተመልሳ በአመቻችነት ሦስት ኦሎምፒክ ተጫወተች፤ በ2012 ለንደን ላይ ነሐስ ወሰደች። ጃፓን ከ1984 ወዲህ በሴቶች መረብ ኳስ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አላገኘችም ነበር!

አንቺም በየቀኑ ኳሱን በጣቶችሽ ከግድግዳ ጋር ተቀባበዪ።

አንድ ነገር ብቻ፦ የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ ታውቂዋለሽ። ጣቶችሽ በደንብ ሳይሞቁ ኳስ አትንኪ። በዚያ ብርድ ጣቱ ወለም ያለው ስንቱን አይቻለሁ፤ ቶሎ አይድንም።