ታምሜ ትምህርት አቋረጥኩ፤ ድጎማዬ ይቀራል?

ጥያቄ፦ በዲቪ አሜሪካ ሄጄ ኮሌጅ ስማር ታመምኩና በሴሚስተሩ መካከል ባሕር ዳር እናቴ ቤት መጣሁ። ፔል የሚባለው የመንግሥት ድጎማ ይቀርብኛል? ብድሩስ? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርሽ፣ እህቴ። መታመም ብቻውን ድጎማ አያስቀርም። በቅድሚያ ኮሌጁ «ፈቃድ ላይ ነች» ብሎ ይሁን «አቋርጣለች» ብሎ እንደመዘገበሽ በኢሜይል ጠይቂ። በጽሑፍ የጸደቀ ፈቃድ፣ በ12 ወር ውስጥ ከ180 ቀን ካልበለጠ፣ በፌዴራሉ ሕግ እንዳቋረጥሽ አያስቆጥርም። አቋርጠሻል ከተባለ ግን፣ ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ለወጣ ተማሪ ያልተማረበት የድጎማ ድርሻ ወደ መንግሥት ይመለሳል፤ ኮሌጁም ጉድለቱን ከአንቺ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ዕዳ አትናቂው፤ ዳግም ከመመዝገብ ሊያግድሽ ይችላል።

የፌዴራል ብድርሽ መክፈል እስክትጀምሪ የ6 ወር ፋታ አለው።

ያላለቁት ኮርሶች ድጎማው እንዲቀጥል የሚጠየቀውን የትምህርት ውጤት መለኪያ ቢያጎድሉብሽ ለኮሌጁ ይግባኝ በዪ፤ ሕጉ ሕመምን በምክንያትነት ይቀበላል። ለምን እንደወደቅሽና አሁን ምን እንደተለወጠ ጻፊ። ሐኪምሽ የታመምሽበትንና መማር የምትችዪበትን ቀን በእንግሊዝኛ ይጻፍልሽ። እኛ ማኅተሙን እናያለን፤ የአሜሪካ ኮሌጆች ቀኑን ነው የሚያዩት። «ታማ ነበር» የሚል ባለ ሁለት መስመር ወረቀት ይዘሽ እንዳትሄጂ።

ፋፍሳ የተባለው የድጎማና የብድር ማመልከቻ ቅጽ በየዓመቱ ይሞላል፤ በኢንተርኔት ስለሆነ ጣና ዳር ተቀምጠሽም ትሞዪዋለሽ። ሳትጠይቂኝ አንድ ልጨምር፦ ግሪን ካርድ ይዘሽ፣ ያለ መመለሻ ፈቃድ ከ1 ዓመት በላይ እዚህ አትቆዪ።